አራተኛዋ ነጥብ

በዚያ የብርድ ዓመት፣ መብራት እንደ እንግዳ
ደጅ ቆሞ ሲመለስ፣ ሳይዘልቅ ከጓዳ፣
በአራጋትስ ጎን ላይ፣ ከማማው ምድር ቤት፣
ወንበር እየፈለጥን ሞቅን ሌሊት ሌሊት።
ከታች መንደር ልጆች "መብራት መጣ!" ብለው
ሲጮኹ ይሰማናል፤ ደግሞ ዝም፤ ሄዷል ያው።
እኛን ግን፣ ይቅር በለን፣ ጨለማው በጀን፤
እንዲያ የጠራ ሰማይ ዳግመኛ አልታየን።

ቫራዝዳት ያድራል ቴሌስኮፑ ስር፣
በጣት አልባ ጓንቱ ደቂቃ ሲቆጥር።
አስር ደቂቃ ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ጥቂት ገፍቶ፣
ደግሞ አስር ደቂቃ፣ ደግሞ ዘግቶ፣ ከፍቶ፤
አንዷ ኮከብ ብቻ፣ ፎቶው መስታወት ላይ
ስድስት ነጥብ ናት በማጉያ ስትታይ።

እኔ ነጥብ ለቃሚ፣ ሻማ አስጠግቼ፣
እንደ ምስር ለቃሚ ጠጠሩን ለይቼ።
ስድስት እኩል ነጥብ። ስድስት እኩል። ስድስት።
ከዚያ፣ ከሰባቱ ከዋክብት ዘለላ ዳር፣ አንዲት፦
ሦስቱ ሰሊጥ አከሉ፤ አራተኛዋ ሽንብራ፤
አምስተኛዋ ከሳች፤ ስድስተኛዋ ከፊተኞቹ ጋራ።

ቫራዝዳት አጎንብሶ አየ፤ ቀና አለ፤ ተነፈሰ።
"የኔ እጅ ነው" አለኝ፤ "ሳጥበው ጠብታ ፈሰሰ።"
እውነትም ያጠበው በቀለጠ በረዶ ነበር፣
ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ጣቱ እንደ እንጨት ሲገተር።
በእርሳስ ጻፈበት፣ በመስታወቱ ፖስታ ጫፍ፦
"የእጅ ስህተት።"
ከዚያ ሌላ መስታወት፤ ሌላ ሰልፍ።

ሠላሳ ዓመት ሆነው።
እሱ በበጋ ሞተ፣ አፕሪኮት ሲረግፍ፣ ሞቆት፣
ብርድ ያልገደለውን ሰው ሙቀት ወሰደው ማለት።

ትናንት ጾቪናር መጣች፣ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን አቅፋ።
"እትዬ አሽኬን፣ የኮከብ ራጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?"
እኔ የማውቀው ራጅ ያንን የሳንባዬን ነው፣
የዚያ ዓመት የወንበር ጭስ ጥላ የጣለበትን።
"ይሄ ከአየር በላይ ነው" አለች፤ "አየራችን ራጁን ይውጠዋል፤
ሳተላይት ነው ወጥቶ የሚያየው።"

መስመሩ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ፤
ድንገት ሽቅብ!
ከዚያ ቀስ እያለ፣ ሰዓታት ፈጅቶ ይወርዳል፣
ይቅርታ ሳይጠይቅ እንደሚበርድ ቁጡ።

"ገና ልጅ ናት" አለች ጾቪናር፤ "እንደ እንዝርት ትሾራለች፤
ፀሐያችን ወር ገደማ የሚፈጅባትን ዙር
እሷ ጀንበር ሳይጠልቅ ትጨርሳለች።
ስትሾር የማግኔት ክሯ ይከራል፤ ይከራል፤
ጧ ብሎ ተበጥሶ ደግሞ ሌላውን ሲቀጥል
አክሊሏ በሚሊዮን ዲግሪ ይነዳል።"

"ዝም ያለችበትስ?" አልኩ፣ ታችኛውን መስመር በጣቴ ይዤ።
"እሱም ዝምታ አይመስለንም። ትንንሽ ቁጣ ነው፣
ተደራርቦ፣ ተደራርቦ፣
ከሩቅ ሲያዩት ትዕግስት የሚመስል።"

ቦታዋን ስትነግረኝ ጣቴ ቆመ።
ከዘለላው ዳር።

መጋዘኑ አቧራና አይጥ ይሸታል። ፖስታውን አገኘሁት።
ሽንብራዋ እንዳለች ናት።
ጾቪናር ወደ መስኮቱ ይዛ አየቻት፣ ሐኪም ራጅ እንደሚያይ፣
እሷም እንደ እሱ ሐቀኛ ናትና፦
"ዛሬ ጮኸች ማለት ያኔም ጮኻ ነበር ማለት አይደለም፣ እትዬ።
ጠብታም ሊሆን ይችላል።"

ይችላል።
ወይም ከአራት መቶ ዓመት በላይ የተጓዘ ብርሃን
ተራራ ላይ ሲደርስ የበረደው ሰው አግኝቶ፣
ሰውየው "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎት ይሆናል።

ላጲስ አነሳሁ። "ስህተት" ላይ አደረስኩት።
ግን ፊደሉ የሱ ነው፣ ወደ ግራ የተንሻፈፈ፣
በደነዘዘ ጣት የተጻፈ፤
ከእጁ የቀረኝ ይኸው ነው።

ላጲሱን መለስኩ።
ከጎኑ አንዲት ነጥብ አኖርኩ፣ በእስክሪብቶ፣
ወፈር አድርጌ።